ምልክቱ 140 ሲል 140 ነው፦ በሻርጃና በአቡ ዳቢ መካከል የሚመላለሱ ሹፌሮችና የመንገድ ዳር ራዳር

በሻርጃ የሱብሒ ሶላት እንዳበቃ ከመስጊድ የሚወጡ ሰዎች ጫማቸውን አጥልቀው፣ ሰላምታ ተለዋውጠው ይበታተናሉ። ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው አይመለሱም፤ መኪናቸው ወደ ቆመበት ያመራሉ። ገና ፀሐይ ሳትወጣ የከተማዋ አውራ ጎዳናዎች በቀይ የኋላ መብራት ይሞላሉ። ከሙወይለህ፣ ከአል ናህዳና ከኢንዱስትሪው ሰፈሮች የሚነሡት መኪኖች ብዙ ሰው «ናሽናል ፔይንትስ» እያለ ወደሚጠራው መጋጠሚያ ተጠጋግተው ይሳባሉ። ከዚያም አንዱ ወደ ዱባይ፣ ሌላው ዱባይን አልፎ ወደ አቡ ዳቢ ይገሰግሳል።

ሻርጃ የራሷ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሙዚየሞችና ገበያዎች ያሏት ኤሚሬት ብትሆንም፣ ለብዙ ሠራተኛ ከሁሉ በፊት የማደሪያ ከተማ ናት። የቤት ኪራዩ ከዱባይ ስለሚቀል፣ የሥራ ቦታቸው ሌላ ኤሚሬት የሆነ እጅግ ብዙ ቤተሰቦች ይኖሩባታል። ከእነዚህም ውስጥ በማሽከርከር የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። የቤተሰብ ሹፌር የሆነ፣ የድርጅት ሠራተኛ የሚያመላልስ፣ ዕቃ የሚያደርስ፣ በገዛ መኪናው ወደ ሥራው የሚሄድም አለ። የሥራቸው ዓይነት ቢለያይም ሁሉም የሚያውቁት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የስልክ መልእክት ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመንገዱን ስምና የገንዘቡን መጠን የያዘ አጭር ጽሑፍ። በዐረብኛ «ሙኻለፋ» የሚባለው ይህ ቅጣት በኢትዮጵያውያኑ አማርኛ ውስጥም በዚሁ ስሙ ገብቷል።

ያ መልእክት በደረሰ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ራዳሩ የት ነበር? ነገር ግን ነገሩን ቀረብ ብሎ የመረመረ ሰው ጥያቄው መለወጥ እንዳለበት ይረዳል። አብዛኛውን ሹፌር የሚያስቀጣው ካሜራው የቆመበት ቦታ አይደለም። የሚያስቀጣው በምልክቱ ላይ በተጻፈው ቁጥርና ሹፌሩ በልቡ በያዘው ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ያልተጻፈችው ሃያ

በዱባይና በሻርጃ መንገዶች ለረጅም ጊዜ የተለመደ አንድ አሠራር አለ። ራዳሩ ፎቶ የሚያነሣው መኪናው በምልክቱ የተጻፈውን ወሰን እንዳለፈ ወዲያው አይደለም፤ ከወሰኑ በላይ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል ይታገሣል። የሼኽ ሙሐመድ ቢን ዛይድ መንገድ በዱባይ ክልል ውስጥ ያለውን ክፍል ለምሳሌ ብንወስድ፣ ወሰኑ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2017 ወዲህ 110 ሆኗል። ካሜራው የሚነቃው ግን 131 ላይ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ቀስ በቀስ ምልክቱን በራሱ ሒሳብ ማንበብ ይለምዳል። 80 ሲያይ 100፣ 100 ሲያይ 120፣ 110 ሲያይ 130 ብሎ ያነባል። ይህ ልማድ ከአዲሱ ሹፌር ወደ ነባሩ ሳይሆን ከነባሩ ወደ አዲሱ ይተላለፋል። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ወጣት ከማሠልጠኛው ከተማረው ይልቅ በመኪና ማቆሚያ ከወንድሞቹ የሰማው ሒሳብ ውስጡ ይቀራል።

አቡ ዳቢ ይህን ሒሳብ የሻረችው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 2018 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኤሚሬቱ መንገዶች ላይ የሚታገሡት 20 ኪሎ ሜትር ቀርተዋል። በምልክቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ራሱ የመጨረሻው ቁጥር ሆነ። ለውጡ ሲደረግ ፍጥነቱ አልተቀነሰም፤ ቀድሞ በምልክቱ ላይ 120 ተጽፎ ካሜራው 140 ድረስ ይታገሥ የነበረበት መንገድ፣ ምልክቱ ራሱ 140 እንዲል ተደረገ። ማለትም የተደበቀው ቁጥር ወደ አደባባይ ወጣ እንጂ ከሹፌሩ የተወሰደበት ነገር አልነበረም።

ችግሩ የሚጀምረው በሁለቱ ኤሚሬቶች ድንበር ላይ ነው። ከዱባይ ወደ አቡ ዳቢ የሚያሻግረው መንገድ ላይ በር የለም፤ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም፤ አስፋልቱ አይቋረጥም። የሚለወጠው የመንገዱ ስምና የምልክቱ ቁጥር ብቻ ነው። የሼኽ ሙሐመድ ቢን ዛይድ መንገድ ድንበሩን ሲሻገር የሼኽ ሙሐመድ ቢን ራሺድ መንገድ ይባላል፤ የአቡ ዳቢው ክፍል ርዝመት 62 ኪሎ ሜትር ሲሆን የፍጥነት ወሰኑ 140 ነው። በዱባይ በኩል 110ን 130 ብሎ ሲያነብ የመጣው ሹፌር፣ ድንበሩን ሲያልፍ 140ን 160 ብሎ ካነበበ፣ በዚያች ደቂቃ ያለፈው የኤሚሬት ድንበር ብቻ አይደለም፤ ሕጉንም አልፏል።

ማን ይከፍላል?

የሒሳቡን ክብደት ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በሻርጃ የሚኖርና በአቡ ዳቢው የሙሰፋህ ኢንዱስትሪ አካባቢ ሥራ የያዘ ሹፌር ይታሰብ። በሳምንት 5 ቀን ደርሶ መልስ ይነዳል። በ140 መንገድ ላይ 155 እየነዳ «ገና 5 ኪሎ ሜትር ይቀረኛል» ብሎ ያስባል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የፌዴራል የትራፊክ ቅጣት ዝርዝር መሠረት፣ ወሰኑን እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለፍ 300 ድርሃም ያስቀጣል። ጠዋት አንድ ካሜራ፣ ማታ አንድ ካሜራ ቢያነሣው፣ በሳምንቱ መጨረሻ 10 ቅጣት ይጠራቀማል፤ 3,000 ድርሃም ማለት ነው። ይህ ገንዘብ ለብዙ ሹፌር ከወር ደሞዙ ይበልጣል።

አንድ ሰው በሳምንት 10 ጊዜ ተቀጥቶ እንዴት ሳይነቃ ይቀራል? ይህ ጥያቄ ለባለመኪና እንጂ ለተቀጣሪ ሹፌር አይሠራም። ቅጣቱ የሚመዘገበው በመኪናው ሰሌዳ ላይ ነው። መልእክቱም የሚላከው በተሽከርካሪው ባለቤትነት መዝገብ ላይ ወዳለው ስልክ ነው። የቤተሰብ መኪና ከሆነ ወደ አሠሪው፣ የድርጅት መኪና ከሆነ ወደ ቢሮው ይሄዳል። አሠሪው መልእክቱን በዕለቱ ላያየው ይችላል፤ ቢያየውም በዕለቱ ላይናገር ይችላል። ጉዳዩ የሚነሣው ብዙ ጊዜ የመኪናው የባለቤትነት ካርድ፣ «ሙልኪያው»፣ ሊታደስ ሲል ነው፤ ያልተከፈለ ቅጣት እያለ እድሳት አይኖርምና። በዚያን ጊዜ የዓመቱ ጥፋት በአንድ ገጽ ተዘርዝሮ በሹፌሩ ፊት ይቀርባል። እርሱ አንድ ቀን የሠራው የመሰለው ስሕተት፣ በወረቀቱ ላይ ብዙ ቀን የተደጋገመ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ የሚወለደው ጭቅጭቅ በብዙ ቤት የታወቀ ነው። አሠሪው «የነዳኸው አንተ ነህ» ይላል። ሹፌሩ ደግሞ «ቶሎ በል ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ» የሚል መልስ በልቡ ይዞ ዝም ይላል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት እንዳይዘገዩ፣ እመቤቲቱ ከቀጠሮዋ እንዳትቀር ተብሎ የተነዳ ፍጥነት መሆኑን ያውቃልና። ሁለቱም በከፊል እውነት አላቸው። በሕግ ፊት ግን መሪውን የያዘው ሰው ኃላፊነት አይነሣም፤ «ቶሎ በል» የሚለው ድምፅ በካሜራው ፎቶ ላይ አይታይም።

ስለዚህም ልምድ ያካበቱ ሹፌሮች ሥራ ሲጀምሩ ሁለት ነገር ያደርጋሉ። አንደኛ፣ ቅጣት ሲመጣ በዕለቱ እንዲነገራቸው ከአሠሪያቸው ጋር ይስማማሉ። ሁለተኛ፣ መልእክት እስኪመጣ አይጠብቁም፤ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርም ሆነ በዱባይ ፖሊስ መተግበሪያ የሰሌዳውን ቁጥር አስገብተው በየሳምንቱ ራሳቸው ይመለከታሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የታየ አንድ ቅጣት ትምህርት ይሆናል፤ በዓመቱ መጨረሻ የታየ ሃምሳ ቅጣት ግን ዕዳ ነው።

ወጥመድ ወይስ ጥበቃ?

ከኢትዮጵያ የመጣ ሹፌር ከአገሩ ይዞት የሚመጣው የመንገድ ባህል አለ። በአገር ቤት ፍጥነት የሚለካው በአመዛኙ መሣሪያ ይዞ መንገድ ዳር በቆመ የትራፊክ ፖሊስ ነው። ትራፊኩ ሰው ነው፤ ያስቆማል፣ ይጠይቃል፣ ይቆጣል፣ አንዳንዴም መክሮ ይለቃል። ሹፌሩም «ወንድሜ፣ ዛሬን ማረኝ» ብሎ ይለማመጣል። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሌላ ሹፌር ደግሞ መብራቱን ብልጭ ድርግም አድርጎ «ትራፊክ አለ» ብሎ ያስጠነቅቃል። ይህ የመብራት ቋንቋ በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ያልተጻፈ ስምምነት ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ይህ ሁሉ የለም። ካሜራው አያስቆምም፣ አይሰማም፣ አያዝንም። ከኋላ የሚመጣ መኪና መብራቱን ብልጭ ቢያደርግ «ራዳር አለ» ማለቱ ሳይሆን «መስመሩን ልቀቅልኝ» ማለቱ ነው። አዲስ ሹፌር ይህን ሳያውቅ ይደናገጣል፤ ወይ ያለ ምክንያት ፍሬን ይረግጣል፣ ወይ ለመሸሽ ነዳጅ ይሰጣል። ሁለቱም አደገኛ ናቸው።

በሹፌሮች ዘንድ ከሁሉ የሚያስቆጣው ተንቀሳቃሹ ራዳር ነው። ቋሚው ካሜራ ቦታው ይታወቃል፤ የስልክ ካርታዎችም አስቀድመው ድምፅ ያሰማሉ። ተንቀሳቃሹ ግን ዛሬ ከድልድይ በታች፣ ነገ ከዛፍ ጥላ አጠገብ ሊገኝ ይችላል። «ተደብቆ መያዝ ማስተማር ነው ወይስ ማጥመድ?» የሚለው ቅሬታ በየሻይ ቤቱ ይሰማል። ቅሬታው ቀላል ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም፤ ሕግ ግልጽ ሲሆን ይበልጥ እንደሚከበር እሙን ነውና። አቡ ዳቢ 20ውን ኪሎ ሜትር የሻረችበት እርምጃም በዚሁ መንፈስ ሊታይ የሚችል ነው፤ የካሜራው ቁጥርና የምልክቱ ቁጥር አንድ ሲሆኑ ሹፌሩ የሚገምተው ነገር አይኖርም።

በሌላ በኩል፣ የቋሚ ካሜራ ድክመትም ማንም ሹፌር የሚያውቀው ነው። ካሜራው ከመድረሱ 100 ሜትር በፊት ሁሉም ፍሬን ይይዛል፤ ካለፈው በኋላ ሁሉም ነዳጅ ይረግጣል። የተጠበቀው ካሜራው የቆመባት ጥቂት ርቀት ብቻ ትሆናለች። በድንገት የሚያዘው ፍሬን ራሱ ከኋላ ያለውን መኪና ለግጭት ይዳርጋል። ተንቀሳቃሹ ራዳር የታሰበው ይህን ለመስበር ነው። ሹፌሩ ካሜራው የት እንዳለ ካላወቀ፣ መንገዱን በሙሉ በወሰኑ መንዳት ይኖርበታል። በወሰኑ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ራዳሩ ተደበቀም ተገለጠም ልዩነት የለውም።

የሚለዋወጠው ምልክት

ሹፌሮችን የሚያስቸግረው ሌላው ነገር ምልክቶቹ ለዘለዓለም አንድ ሆነው አለመቆየታቸው ነው። የሼኽ ሙሐመድ ቢን ራሺድ መንገድ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የአቡ ዳቢ ፖሊስ በዚህ መንገድ በሁለቱ የግራ መስመሮች ላይ ዝቅተኛ የፍጥነት ወሰን አወጣ፤ ከ120 በታች የነዳ ከግንቦት 1 ቀን ጀምሮ 400 ድርሃም እንዲቀጣ ተደረገ። በእነዚያ መስመሮች የሚነዳ ሰው ከ120 በታች እንዳይወርድ፣ ከ140 በላይ እንዳይወጣ ሆነ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በሚያዝያ 2025፣ ዝቅተኛው ወሰን ተነሣ።

በዚያው ወር ሁለት ሌሎች መንገዶችም ተለወጡ። ከአቡ ዳቢ ወደ ሰዊሓን የሚወስደው መንገድ ከ120 ወደ 100 ወረደ። ወደ ሳዑዲ ድንበር የሚያመራው የሼኽ ኸሊፋ ቢን ዛይድ ዓለም አቀፍ መንገድም ከ160 ወደ 140 ዝቅ አለ። ይህኛው በመኪና ወደ ዑምራ ለሚጓዙ ቤተሰቦች ጭምር የሚመለከት ነው፤ ዓምና በሄዱበት ፍጥነት ዘንድሮ መሄድ ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። መንገዱን በቃሉ የያዘ ሹፌር ከአዲሱ ሹፌር ይልቅ የሚሳሳተው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። አዲሱ ስለማያውቅ ምልክቱን ያነባል፤ ነባሩ ስለሚያውቅ አያነብም።

የጭጋግ ማለዳና የኢፍጣር ሰዓት

በአቡ ዳቢ ምልክቱ በዓመታት ብቻ ሳይሆን በሰዓታትም ይለወጣል። በክረምቱ ወራት ከባሕሩ የሚነሣው ጭጋግ በሱብሒ ሰዓት በረሃውን ይሸፍናል። እይታ ሲጠብብ በመንገድ ላይ ያሉት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ወሰኑን ወደ 80 ዝቅ ያደርጉታል፤ ራዳሩም በዚያው ቁጥር ይሠራል። ትናንት በዚያው ሰዓት በ140 ያለፈ ሰው ዛሬ በ140 ቢያልፍ ወሰኑን በ60 ኪሎ ሜትር አልፏል። ይህ ደግሞ 1,500 ድርሃም፣ 6 ጥቁር ነጥብና መኪናው ለ15 ቀን መታሰርን የሚያስከትል ጥፋት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከባዶ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 በዱባይና በአቡ ዳቢ መካከል፣ በጋንቱት አቅራቢያ፣ በጭጋግ ውስጥ የተከሰተው ተከታታይ ግጭት ሕይወት አጥፍቶ ብዙዎችን አቁስሏል፤ መኪኖችም በእሳት ጋይተዋል። በሚያዝያ 2011ም በዚያው አውራ ጎዳና በጭጋግ ምክንያት ከ100 በላይ ተሽከርካሪዎች እርስ በርስ ተጋጭተዋል። በጭጋግ ውስጥ የሚነዳ ሰው የፊቱን መኪና የሚያየው ለማቆም ጊዜ ሲያልፍበት ነው። በዚያች ሰዓት የሚጠብቀው የመሪው ችሎታ ሳይሆን የያዘው ፍጥነት ነው።

ሁለተኛው አደገኛ ሰዓት በረመዳን ከመግሪብ በፊት ያለው ነው። ቀኑን ሙሉ የጾመ፣ የደከመና ቤቱ ኢፍጣር የሚጠብቀው ሰው እግሩ ነዳጁ ላይ ይከብዳል። በኤሚሬቶች ከተሞች በጎ ፈቃደኞችና ፖሊሶች በየመብራቱ ቆመው ቴምርና ውኃ የያዙ ሣጥኖችን ለሹፌሮች የሚያድሉት ለዚህ ነው፤ መልእክቱም «አትቸኩሉ፣ ኢፍጣሩ እናንተው ዘንድ መጥቷል» የሚል ነው። በመኪናው ውስጥ ሦስት ቴምርና አንድ ጠርሙስ ውኃ ያኖረ ሹፌር አዛኑ መንገድ ላይ ቢደርስበት የሚጎድልበት ነገር የለም። ጾሙን በዚያው ይፈታል፤ ቤተሰቡንም በሰላም ይደርስላቸዋል።

በሙስሊም ሹፌር ዘንድ ይህ ጉዳይ ከገንዘብ ቅጣት ያለፈ መልክ አለው። መኪናው የሌላ ሰው ንብረት ነው፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። ሁለቱም በእጁ ያሉ አማና ናቸው። «ቀደር ነው» የሚለው ቃል ከአደጋ በኋላ ለመጽናኛ ይነገር እንደሆነ እንጂ ከአደጋ በፊት ለፍጥነት ምክንያት ሊሆን አይገባም። መመካት የሚቀድመው ግመሉን ካሰሩ በኋላ መሆኑን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል።

የሁለት ደቂቃ ዋጋ

ሹፌሩ በፍጥነት የሚያተርፈው ጊዜ ስንት ነው? ሒሳቡ ቀላል ነው። 62 ኪሎ ሜትሩን የአቡ ዳቢ መንገድ በ140 የነዳ ሰው በ26 ደቂቃ ተኩል ያህል ይጨርሰዋል። በ150 የነዳው ከ25 ደቂቃ ትንሽ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በ160 ቢነዳ እንኳ የሚያተርፈው ሦስት ደቂቃ ከጥቂት ሰከንዶች ነው። ይህችን ደግሞ በሙሰፋህ መግቢያ የሚጠብቀው አንድ ቀይ መብራት ይወስድበታል።

ኪሳራው ግን በዚህ መጠን ትንሽ አይደለም። በ140 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 39 ሜትር ይጓዛል፤ ስልክ ላይ ለአንድ ሰከንድ የተጣለ ዓይን 39 ሜትር በጭፍን መንዳት ማለት ነው። ፍጥነቱ ከ140 ወደ 160 ሲያድግ መኪናው በግጭት ጊዜ የሚያሳርፈው ጉልበት በ30 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጉልበት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግምና። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ የአማካይ ፍጥነት 1 በመቶ መጨመር ሞት የሚያስከትል አደጋን ዕድል በ4 በመቶ ከፍ ያደርጋል። በዓለም ዙሪያ በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን እንደሚያጡም ይኸው ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት ገልጿል።

የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች የራሷ ታሪክም በዚህ ረገድ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአገሪቱ መንገዶች ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞተው ነበር። የሕዝቡና የመኪናው ብዛት ከዚያ ወዲህ እጅግ ቢጨምርም፣ በ2023 የሟቾቹ ቁጥር 352 ነበር። በ2024 ወደ 384 ከፍ ማለቱ ደግሞ መዘናጋት እንደማይገባ ያሳያል። ለዚህ ለውጥ የተሻሉ መንገዶች፣ የደኅንነት ቀበቶ ግዴታ፣ ፈጣን ሕክምናና ጥብቅ ቁጥጥር ተደምረው አስተዋጽኦ አድርገዋል። ራዳሩ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ብቸኛው አይደለም፤ ግን አንዱ ነው።

ቅጣት ከመጣ በኋላ

የተሳሳተ ሰው ማወቅ የሚገባው ጥቂት ነገር አለ። የቅጣቱ መጠን በፍጥነቱ ልክ ይወጣል። ወሰኑን እስከ 20 ኪሎ ሜትር ያለፈ 300፣ እስከ 30 ያለፈ 600፣ እስከ 40 ያለፈ 700፣ እስከ 50 ያለፈ 1,000 ድርሃም ይከፍላል። ከ60 በላይ ያለፈ 2,000 ድርሃም ከፍሎ 12 ጥቁር ነጥብ ይያዝበታል፤ መኪናውም ለ30 ቀን ይታሰራል። ከ80 በላይ ያለፈ ደግሞ 3,000 ድርሃም፣ 23 ጥቁር ነጥብና የ60 ቀን እስር ይጠብቀዋል። 24 ነጥብ የሞላበት ሰው ፈቃዱ ይታገዳል፤ ለማሽከርከር ለተቀጠረ ሰው ይህ ሥራውን ማጣት ነው። በአቡ ዳቢ በተጨማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ወሰኑን ከ60 በላይ በማለፍ የተያዘ መኪና የሚለቀቀው 5,000 ድርሃም ሲከፈል ነው።

ሕጉ ለሚቸኩል ሹፌር ሲጨክን፣ ለመክፈል ለሚቸኩል ግን ይራራል። በሻርጃ ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ፣ ከከባድ ጥፋቶች በስተቀር፣ ቅጣቱን በ60 ቀን ውስጥ የከፈለ 35 በመቶ፣ ከ60 ቀን በኋላ እስከ አንድ ዓመት የከፈለ 25 በመቶ ይቀነስለታል። በአቡ ዳቢም ተመሳሳይ ቅናሽ አለ። በምሳሌው ላይ የተጠቀሰው ሹፌር 3,000 ድርሃሙን በጊዜ ቢከፍል 1,950 ይሆንለታል። መልእክቱን በወቅቱ ማወቅ ገንዘብ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ አሠሪው ዘንድ ተቀምጦ ወራት ያለፈው መልእክት ቅናሹንም ይዞ ያልፋል።

ያላጠፋው ጥፋት የተመዘገበበት ሰው መብቱን በዝምታ መተው የለበትም። ፎቶውን መመልከት፣ ለትራፊክ ፖሊስ ማመልከትና ወደ ትራፊክ ዐቃቤ ሕግ መቅረብ ይቻላል። ጥቁር ነጥብ የተያዘበትም ተስፋ አለው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በትምህርት መክፈቻ ዕለት በሚያውጀው «ያለ አደጋ ቀን» ቃል ገብቶ ያለ ጥፋት የዋለ አሽከርካሪ 4 ነጥብ ይቀነስለታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ያሻል። «ያልተከፈለ ቅጣት አለብዎት፣ በዚህ ማስፈንጠሪያ ይክፈሉ» የሚሉ የሐሰት መልእክቶች ይሰራጫሉ፤ ፖሊስም በተደጋጋሚ አስጠንቅቋል። በመደናገጥ የባንክ ካርዱን ቁጥር የሚሰጥ ሰው ከቅጣቱ የበዛ ገንዘብ ያጣል። መክፈያው መንገድ የታወቀ ነው፤ የፖሊስና የሚኒስቴሩ መተግበሪያዎች ወይም በአቡ ዳቢ «ታም» የተባለው የመንግሥት አገልግሎት። በመልእክት ከመጣ ማስፈንጠሪያ ላይ የሚከፈል ነገር የለም።

መመለሻው

ማታ ላይ ያው መንገድ በተቃራኒው ይሞላል። ከሙሰፋህ፣ ከኸሊፋ ከተማና ከሙሐመድ ቢን ዛይድ ከተማ የተነሡት መኪኖች ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙረው፣ ድንበሩን አልፈው፣ ዱባይን አቋርጠው ወደ ሻርጃ ይመለሳሉ። የምልክቱ ቁጥር ከ140 ወደ 110 ሲወርድ አንዳንዱ ልብ ይላል፤ አንዳንዱ የአቡ ዳቢውን ፍጥነት ይዞ ዱባይ ይገባል፤ 131 ላይ የሚነቃው ካሜራም 600 ድርሃም ይመዘግብበታል። ጠዋት የዱባይ ልማድ አቡ ዳቢ ላይ እንዳስቀጣ፣ ማታ የአቡ ዳቢ ልማድ ዱባይ ላይ ያስቀጣል።

በእነዚህ ሁሉ ኤሚሬቶች፣ በጭጋግም በጥራትም፣ በረመዳንም በሌላው ወር፣ ካሜራ ባለበትም በሌለበትም የማያስቀጣ አንድ ቁጥር ብቻ አለ፤ እርሱም በምልክቱ ላይ የተጻፈው ነው። እርሱን የያዘ ሹፌር ራዳሩ የት እንዳለ መጠየቅ አያስፈልገውም። የወር ደሞዙ ሳይጎድል ወደ አገር ቤት ይላካል፤ የአሠሪው ልጆች በሰላም ከትምህርት ቤት ይገባሉ። እርሱም ዒሻን ከጀመዓው ጋር ለመስገድ በሰፈሩ መስጊድ ይደርሳል፤ ቢዘገይ የሚዘገየው በሁለት ደቂቃ ነው።